ዘፋኝ የሌለው ባንድ ሐዘኑን በምን ይናገራል?

እኛ ዘንድ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ነው። በክራር ይሁን በሳክስፎን፣ ግጥም ከሌለው ክላሲካል እንለዋለን። ሥራውም ዜና እስኪጀምር ወይም እንግዳው ሁሉ ገብቶ እስኪቀመጥ ጸጥታውን መሙላት ነው። አይፈረድብንም፤ ያደግነው ከሰሙ ሥር ወርቁን እየፈለግን ነው። ታዲያ ግጥሙን ሆን ብሎ የተወ ባንድ፣ ያውም ጩኸት በማይጠፋበት በሜታል ሰፈር፣ ምን ሊነግረን ይችላል? የቺካጎው ፔሊካን ለዚህ ጥያቄ ከ20 ዓመት በላይ መልስ ሲሰጥ ቆይቷል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከእነሱ በፊት ነው። በ1985 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የተመሠረተው ኒውሮሲስ በሃርድኮር ፐንክ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ ግን ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ ዘፈኖቹን እያስረዘመና እያከበደ ሄደ። በ1997 ቦስተን ውስጥ የተቋቋመው አይሲስ (ከጥንቷ ግብፅ አምላክ ጋር ሞክሼ ነው) በዚያው መንገድ ተጉዞ በ2002 «ኦሺያኒክ» የተባለውን አልበም አወጣ። ሜታልን አዝግሞ በጸጥታና በነጎድጓድ መካከል ለሚያመላልሰው ለዚህ ስልት «ፖስት-ሜታል» የሚል ስም ወጣለት። ሁለቱም ባንዶች ግን ድምፃዊ ነበራቸው።

ፔሊካን ድምፃዊውንም አስቀረው። ባንዱ በ2000 ሲመሠረት ከአራቱ አባላት ሦስቱ ተስክ የሚባል ሌላ ባንድ ነበራቸው። ተስክ ፈጣንና ጯሂ ነበር፤ ድምፃዊውም ጆዲ ሚኖክ ይባላል። ፔሊካን የዚያ ተቃራኒ ሆነ፤ ዝግ ያለ፣ ረጅም፣ ቃል አልባ። ትሬቨር ሼሊ ደ ብራውና ሎራን ሽሮደር-ሌቤክ ጊታር፣ ብራያን ሄርዌግ ቤዝ፣ ወንድሙ ላሪ ድራም ይጫወታሉ። በ2003 የወጣው የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸው «አውስትራሌዢያ» መክፈቻው ብቻ ከ11 ደቂቃ ያልፋል።

ያለ ቃል እንዴት 11 ደቂቃ ይሞላል? አንዱ ጊታር አንድ ከባድ ሐረግ ይይዝና ይደጋግመዋል። ሁለተኛው ጊታር ከላዩ ዜማ ይጨምራል። ድራሙ ክብደቱን ሲቀይር ያው ሐረግ ሌላ ስሜት ይይዛል። ከዚያ ሁሉም ይረግባል። ሐረጉ ተመልሶ ሲመጣ ጆሯችን ያውቀዋል፤ በመካከል ብዙ ነገር ስላለፈ ግን እንደ መጀመሪያው አንሰማውም። ትርጉሙ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ባንዱ በ2009 በወጣው አልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ላይ አንድ እንግዳ ድምፃዊ ጋብዞ ነበር። በ2012 ሽሮደር-ሌቤክ ባንዱን ለቀቀ፤ በቦታው ዳላስ ቶማስ ገባ። በ2014 ደግሞ የተስኩ ጆዲ ሚኖክ አረፈ። በ2019 የወጣው የፔሊካን አልበም «ናይትታይም ስቶሪስ» ይባላል። ርእሱ መጀመሪያ ታስቦ የነበረው ለተስክ አልበም ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሞተው ወዳጃቸው ዘፋኝ ነበር። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው አቁመው ሊያዘፍኑ፣ ሙሾም ሊያስወርዱ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። አልበሙ ጨለማና ከባድ ነው፤ ድምፃዊ ግን የለበትም። እኔ እንደምሰማው፣ ባዶ የተተወው የድምፃዊ ቦታ ራሱ ሐዘኑን ይናገራል።

አዲሱ አልበም «ፍሊከሪንግ ሬዞናንስ» በግንቦት 2025 ወጣ። ሽሮደር-ሌቤክ ተመልሷል፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ አብረው ሙሉ አልበም ሲሠሩ ከ2009 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክብደቱ አልጠፋም፤ ዜማው ግን ከ2019ኙ ይልቅ ብርሃን አለው። ሁለቱ ጊታሮች ተጠፋፍተው እንደተገናኙ ጓደኛሞች ነገር ይቀባበላሉ። ግጥም ቢኖረው ኖሮ «ተመለስክ ወይ» ይባልበት ነበር። እዚህ ግን ያንን የሚነግሩን ጣቶቹ ናቸው።

ስለዚህ የ2003ቱን፣ የ2019ኙን፣ የ2025ቱን በቅደም ተከተል ስሟቸው። ዜና እስኪጀምር አይደለም፤ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ። ወርቅ ፍለጋው አይቅር፤ ሰሙ ብቻ ከቃል ወደ ክር ተዛውሯል።