ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን የከተማን ሕዝብ ስለ መገመት

የወልቂጤ ከተማ ነዋሪዎች በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ15 ሺህ በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 29 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። ቁጥሩ በ12 ዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ መቃረቡ፣ የቅርብ ጊዜን ዕድገት ይዞ ወደ ኋላ በማስላት የጥንት ከተማን ሕዝብ ማወቅ እንደማይቻል ያስገነዝባል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ብዙ ለራቁት ዘመናት የታሪክ ተመራማሪው ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የምትሆነው፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቈረቈሯት ጎንደር ናት። በ1762 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 ቤተሰቦች እንደሚኖሩባት ጽፏል። ይህ ግን የቤተሰብ እንጂ የሰው ቁጥር አይደለም። በየቤቱ 4 ሰው ቢታሰብ ድምሩ 40,000፣ 6 ቢታሰብ ደግሞ 60,000 ይሆናል። ስለሆነም የ20,000 ሰው ልዩነት የሚመነጨው ከጎንደር ሳይሆን ከአስሊው ነው። አሽከሮች፣ ገረዶችና ባሮች ከቤተሰቡ ጋር ተቈጥረዋል ወይስ አልተቈጠሩም የሚለው ጥያቄ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል።

«በሰላም ጊዜ» የሚለው ቃልም በቸልታ መታለፍ የለበትም። ክረምት አልፎ ንጉሡ ለዘመቻ ሲነሣ ሠራዊቱና ተከታዩ አብሮ ይወጣ ስለ ነበር፣ የነሐሴዋ ጎንደርና የጥር ወሯ ጎንደር በሕዝብ ብዛት እኩል አልነበሩም።

በአብያተ ክርስቲያናት ቁጥር መገመትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጎንደር አርባ አራት ታቦት በትውፊት የታወቀ ቢሆንም፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በአንድ ዘመን የተሠሩ አይደሉም፤ ብዙዎቹም በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ወረራ ተቃጥለዋል።

በመሆኑም ለተማሪ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ብቻ ማስጠናት ግምትን እንደ ቆጠራ አድርጎ ማስተላለፍ ይሆናል። «በሰላም ጊዜ፣ በአንድ ተጓዥ ግምት መሠረት፣ ከ40,000 እስከ 60,000» ማለት ግን ከቁጥሩ ጋር ምክንያቱን ያስተምራል። የወልቂጤ ተማሪዎችም ይህን በአካባቢያቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። በእድር መዝገብ የሚሰፍረው የአባወራ ወይም የእማወራ ስም ነው። የአንድን እድር አባላት ቁጥር በ5 አባዝተው፣ ውጤቱን በየቤቱ ከሚኖረው ሰው ትክክለኛ ቁጥር ጋር ቢያስተያዩ፣ የጎንደር ግምት በምን ላይ እንደ ቆመ በራሳቸው ሥራ ይረዱታል።