ገድልም ክስም ያልሆነ ታሪክ

በእኛ ዘንድ የሰው ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ወይ ገድል ይሆናል ወይ የክስ ማመልከቻ። በገድሉ ባለታሪኩ እንከን የለበትም፤ በክሱ ደግሞ ቅንጣት በጎ ነገር የለውም። የደቡብ አፍሪካዊውን የሳይመን ንኮሊን ሕይወት በአማርኛ ለመጻፍ ስነሣ ሁለቱም መንገዶች ከፊቴ ነበሩ።

ንኮሊ በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሶዌቶ ውስጥ ተወለደ። በወጣትነቱ አፓርታይድን በሚታገል የተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ገባ። በ1984 በቫል አካባቢ የቤት ኪራይ ጭማሪ ያስነሣው ዓመፅ ሲቀጣጠል ታሰረ፤ ከሌሎች 21 ሰዎች ጋርም በአገር ክህደት ተከሰሰ። የዴልማስ ችሎት የሚባለው ይኸው ነው። እስር ቤት ሳለ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ለጓዶቹ ነገራቸው። አንዳንዶቹ መከላከያችንን ያበላሽብናል ብለው ሰጉ፤ ለብቻው ይከሰስ ያሉም ነበሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ አብሯቸው ቀረ። በ1987 በዋስ ወጣ፤ በ1988 በነጻ ተሰናበተ።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ የለመድነው «ግብረ ሰዶም» ነው፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629ም የሚለው ይህንኑ ነው። ቃሉ ግን ሰዶምን ከነእሳቱ ይዞ ይመጣል፤ አንባቢው የሰውየውን የልደት ቀን ሳያነብ ፍርዱን ያነባል። በሌላ በኩል «ጀግናው»፣ «ፋና ወጊው» ብል እኔም ፈረድኩ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ሕግ ወይም ሰነድ በሚጠቀስበት ቦታ ብቻ እንዳለ ተውኩት፤ በራሴ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሰውየው ማንን እንደሚወድ በተራ አማርኛ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ምንጭ ነው። የችሎቱ መዝገብ ጆሃንስበርግ፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ንኮሊ ከእስር ቤት ለፍቅረኛው የጻፋቸው ደብዳቤዎች ደግሞ ጋላ በተባለው ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፣ ሁለቱም ያጋድላሉ። ዐቃቤ ሕግ የጻፈው ለማስፈረድ ነው። እስረኛ ደግሞ ደብዳቤውን ዘበኛ እንደሚያነበው እያወቀ ነው የሚጽፈው። ታዲያ ገለልተኛ መሆን ማለት ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል አይደለም፤ እያንዳንዱን ነገር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳለው ለአንባቢ መንገር ነው።

ገድል በጣም የሚፈትነው ግን ስለ ድሉ ሲወራ ነው። ንኮሊ በ1988 ግሎው የተባለውን ድርጅት ከሌሎች ጋር መሠረተ። ጥቅምት 13 ቀን 1990 ከቤቨርሊ ዲትሲና ከሌሎች ጓዶቹ ጋር በጆሃንስበርግ ያዘጋጁት ሰልፍ ወደ 800 ሰው አወጣ፤ ፊታቸውን በወረቀት ከረጢት የሸፈኑም ነበሩበት። በ1996 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለል ከለከለ። «ይህን ያመጣው ንኮሊ ነው» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ነገር ግን እንደ ኤድዊን ካሜሮን ያሉ የሕግ ሰዎች ተከራክረውለታል፤ ብዙ ማኅበራትም ደክመውበታል። የንኮሊ ድርሻ ሌላ ነው፦ ኋላ ትልቅ ሥልጣን ላይ የደረሱት ሞሲዋ ሌኮታና ፖፖ ሞሌፌ በዴልማስ አብረውት ተከስሰው ነበር። ሌኮታ ለአፓርታይድ መውደቅ አብሮን የታገለን ሰው እንዴት እናገላለን የሚል ሐሳብ ሰንዝሯል። ይህ በቂ ነው፤ መጨመር አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለማን ብዬ ነው? ከንኮሊ ጋር ለማይስማማ አንባቢም ነው። ድርጊቱን ኃጢአት ነው የሚል ሰው ገጹን ሲዘጋ አቋሙን ላይለውጥ ይችላል፤ ቀኑንና ፍርዱን ግን «ይህስ ውሸት ነው» ማለት የለበትም። ራሱን በንኮሊ ውስጥ የሚያይ አንባቢም በክስ ወረቀት ብቻ የሚታወቅ ሕይወት እንዳልሆነ ማየት አለበት።

ንኮሊ ኅዳር 30 ቀን 1998 ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተ። በሽታውን በሕይወት ሳለ በአደባባይ ስለተናገረው እኔም አልደበቅሁትም። በ2006 የአገሩ ፓርላማ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቀደ። «ንኮሊ ቢያይ ምንኛ በተደሰተ» የሚል ዓረፍተ ነገር እጄ ላይ መጥቶ ነበር። አልጻፍኩትም፤ ምንጭ የለውም።