ፎቶግራፍና የአገር መልክ

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ከተዘዋወረ በኋላ፣ ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ ጽፎ ነበር። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝቦን ታተመ። ይህ ሰው ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት እያንዳንዳቸውን ከገለጸ በኋላ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አይገኝም ብሎ ስለ ሰጋ ብዕሩን ይገታል፤ የጻፈውም እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። አልቫሬዝ ቃላት አልጐደሉትም። የጐደለው፣ ዓይኑ ያየውን ለሌላው ዓይን ማሳየት የሚችልበት መሣሪያ ነበር።

ያ መሣሪያ በፓሪስ ከተማ በይፋ የተገለጸው በ1831 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1860 ዓ.ም. ሮበርት ናፒየር የመራው የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋራ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ መጣ። እነዚህ ወታደሮች የተላኩበት ዋናው ሥራ ለጦሩ አለቆች የሚያስፈልገውን ካርታና ንድፍ በፎቶግራፍ እያባዙ ማቅረብ ነበር። ነገር ግን መንገዳቸውን በሄዱበት ሁሉ ዙላን፣ ሰናፌን፣ አዲግራትን፣ በመጨረሻም የመቅደላን አምባና በሩን አንሥተዋል። በዚህ ሁሉ መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ፣ በሕይወት ሳሉ የተነሣ፣ የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። የሞቱበት ተራራ መልኩ ቀረ፤ የእርሳቸውን መልክ ግን ከሠዓሊዎች እጅ ብቻ ነው የምንቀበለው።

የዚያን ጊዜው አሠራር እንደ ዛሬው አንድ ጊዜ በመንካት የሚፈጸም አልነበረም። መስተዋቱን ኮሎዲዮን በሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ መቀባት፣ የብር ናይትሬት በሟሟበት ውኃ ውስጥ መንከር፣ እርጥብ እንደ ሆነ በካሜራው ውስጥ አግብቶ ብርሃን ማሳየት፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ ማጠብ ያስፈልግ ነበር። መስተዋቱ ከደረቀ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ የሚሰበረውን መስተዋት፣ መድኃኒቱን፣ ድንኳኑን በጋማ ከብት ጭኖ፣ በየደረሱበትም ንጹሕ ውኃ እየፈለጉ፣ ከዙላ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ መውጣትና ገደል መውረድ ነበረባቸው። ምስሉ እስኪቀረጽ ሴኮንዶች ስለሚያልፉ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። ሰማዩም ደመና ቢኖርበት እንኳ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ መድኃኒቱ ከቀለማት ሁሉ ሰማያዊውን አብዝቶ የሚቀበል ነበርና። አለት፣ ገደልና ተዳፋት ግን አይንቀሳቀሱም። እንግዲህ የመሣሪያው ድካም ራሱ መሬቱን ከሰው ይልቅ አጥርቶ አሳየ ማለት ነው።

ይህ ነገር ፍሬ ያፈራው ከ140 ዓመት በኋላ ነው። በቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ያን ኒሰን፣ ከኢትዮጵያና ከውጭ አገር ባልደረቦቹ ጋራ፣ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም ተካፋይ ሆነው፣ በ1860 ከተነሡት የመሬት ፎቶግራፎች 13ቱን ይዞ ፎቶግራፍ አንሺው ቆሞበት የነበረውን ስፍራ እየፈለገ ሥዕሉን እንደ ገና አነሣ። አሠራሩ ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በአሮጌው ሥዕል ላይ በቅርብ የሚታየው አለት ከሩቁ ተራራ ጫፍ ጋራ እንዴት እንደ ገጠመ ይታያል፤ ሰው ጥቂት ርምጃ ወደ ቀኝ ቢል አለቱ ከተራራው ይርቃል፣ ወደ ግራ ቢል ይሸፍነዋል። ሁለቱ በትክክል እስኪገጥሙ ድረስ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። ወራቱም መመሳሰል አለበት፤ በመስከረም የለመለመውን ተራራ በሚያዝያ ከተነሣው ጋራ ማስተያየት ራስን ማታለል ይሆናል።

የጥናቱ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት ከመቶ 40 እጁ በደን የተሸፈነ ነበር የሚለውን ቃል በየትምህርት ቤቱና በየስብሰባው ሳንሰማ ያደግን ጥቂቶች ነን። የ1860 ፎቶግራፎች ግን የሰሜኑ ደጋ ያን ጊዜም ተራቁቶ እንደ ነበር ያሳያሉ። ይልቁንም የሕዝቡ ቁጥር እጅግ እየበዛ ሳለ፣ በአዲሶቹ ሥዕሎች ላይ በብዙ ስፍራ ቍጥቋጦውና ዛፉ ጨምሮ፣ ገበሬው የሠራው እርከን ተዳፋቱን ይዞት ይታያል። በ1860 ያልነበረው ባሕር ዛፍም፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ነውና፣ በኋለኛው ሥዕል ላይ ቆሞአል። ጥፋቱን ሁሉ በአያቶቻችን መጥረቢያና በቅርብ ዘመን ገበሬ ላይ ብቻ ስንጭን የኖርን ሰዎች ይህን ቆም ብለን ልናየው ይገባል።

እርግጥ ነው፣ 13 ሥዕል አገር አይደለም። ጦሩ የሄደው በአንድ መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ምን ደን እንደ ነበረ ካሜራው አይናገርም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ምድር ላይ ያለፈው ጦርነት በመሬቱ ላይ ያደረሰውን ለማወቅም፣ ከዚያው አለት አጠገብ ሦስተኛ ጊዜ መቆም ያስፈልጋል።

የሕንፃና የሐውልት ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ዛፍ ተቈርጦ ይበቅላል፣ የፈረሰ ግንብ ግን አይበቅልም። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጡት ጀርመኖች ይህን የተረዱ ይመስላል። ከመካከላቸው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባለው የሕንፃ ባለሙያ የፎቶግራፉን ሥራ ይዞ፣ ሐውልቶቹን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን፣ የነዋሪውንም የድንጋይ ቤት ሳይቀር ያነሣ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በልክ ከተሠራ ንድፍ ጋራ ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ1913 በበርሊን በአራት ክፍል ታተመ። በዚያን ጊዜ 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሁለተኛው ሐውልት ተሰባብሮ በመሬት ላይ ተኝቶ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች ወደ ሮማ ወሰዱት፤ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ሊመለስ ይገባው የነበረው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። እንዲህ ያለ መንከራተት ላገኘው ድንጋይ፣ ከመነሣቱ በፊት የነበረበትን ሁኔታ የሚያሳይ ሥዕል መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ጕዞ በአሥመራ የነበረውን፣ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራውን፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባለው የወራጅ ጫፍ ከግድግዳው ወጥቶ የሚታይበትን አሮጌ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ለክተው አንሥተውታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ በኋላ ፈረሰ። ዛሬ ያ ግድግዳ የሚገኘው በመጽሐፉ ውስጥ ብቻ ነው።

እስካሁን የጠቀስናቸው ሁሉ መንገደኞች ናቸው። መንገደኛ አንድ ጊዜ ያያል፣ አንሥቶም ይሄዳል። እየተመላለሰ ለማየት የሚችለው የአገሩ ነዋሪ ነው። ለዚህ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ አዲስ አበባ ተቀመጠ፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በቤተ መንግሥት አገለገሉ። ከእርሱና እርሱን ከመሰሉት የተረፈው፣ በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተሰበሰበው፣ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራርም እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ ያወጡት፣ የዋና ከተማችንን ልጅነት ያሳየናል። በሰፊ ሜዳ ላይ የተበታተኑ ጎጆዎችና ድንኳኖች ያሉበት ከተማ፣ ዓመታት ሲያልፉ በባሕር ዛፍ ሲከበብ ይታያል።

ታዲያ እኛስ? በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከተማ መታደሱ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ጕዳይ መከራከርም የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በየዕለቱ በእነዚያ ቤቶች ሥር ያለፍነው ሰዎች በየስልካችን ካነሣነው እልፍ ሥዕል መካከል የሰገነቱን እንጨት፣ የደረጃውን አሠራር፣ የመንገዱን መታጠፊያ የሚያሳይ ስንት ይገኛል? ላሊበላና ጎንደር ስንሄድ ፊታችንን ከፊት፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ግንቡን ከኋላ አድርገን እንነሣለን፤ ይህም ደግ ነው፤ የቆመው ሰው ቢያንስ ለቁመቱ መለኪያ ይሆናል። የሰፈራችንን ድልድይ ግን ማንም አላነሣውም፤ ሁልጊዜ ያለ ይመስለናልና።

በየመሥሪያ ቤቱም መሳቢያ ውስጥ ሌላ ችግር አለ። የግድብ፣ የትምህርት ቤት፣ የመንገድ ምረቃ ፎቶግራፎች በፖስታ ታጭቀው ይገኛሉ፤ የት እንደ ተነሡ፣ መቼ እንደ ተነሡ የሚናገር አንድ ቃል የለባቸውም። የተነሡበትን ዘመን የሚያውቀው ሹም ጡረታ በወጣ ዕለት ሥዕሉም ዲዳ ይሆናል።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ሆነው የመንደራቸውን ተራራ ወይም የወንዛቸውን መሻገሪያ ቢያነሡ፣ አሥረኛው ዓመት ላይ የጂኦግራፊ መጽሐፍ የማይሰጣቸውን ትምህርት በእጃቸው ይይዙ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና አንድ ደብተር ነው፤ በደብተሩም የቆሙበት ስፍራ፣ የዞሩበት አቅጣጫ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ያነሣውም ልጅ ስም ይመዘገባል። በወረቀት ታትሞ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ይኸው ቃል በጀርባው ላይ በለዘብተኛ እርሳስ ይጻፍ እንጂ በቀለም አይጻፍ፤ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ዘልቆ ወደ ምስሉ ይወጣልና።