ምጽዋት፣ ሰደቃ፣ መዋጮ፦ የመስጠት ቃላት በወሎ ደጋ

መካነ ሰላም የደቡብ ወሎ፣ የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ግእዝ ነው። «መካን» ከ«ኮነ» ይወጣል፤ ቦታ ማለት ነው። ዐረብኛውም ቦታን «መካን» ይለዋል፤ ሥሩም ያው ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩበት በዚህ ደጋ፣ ለችግረኛ ገንዘብ ሲሰበሰብ ከሚነሡት ቃላትም አንዳንዶቹ እንደ ከተማዋ ስም የሁለት ቋንቋ ዝምድና አላቸው። የቃላቱን ሥር ለተከተለ ብዙዎቹ ወደ አንድ ሐሳብ ይመራሉ፦ ለተቸገረ መስጠት ዕዳ ነው።

ከ«ምጽዋት» እንጀምር። ከጀርመናዊው ሊቅ ከኖልደኬ ወዲህ የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት እንዳስረዱት፣ ግእዝ ቃሉን ያገኘው ከአይሁድ አራማይክ ነው፤ ዘመዱ የዕብራይስጡ «ሚጽዋ»፣ ማለትም ትእዛዝ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» በመነሻዋ የአንስታይ ስም ምልክት ነበረች። ግእዝ ግን እንደ ሥር ፊደል ቆጥሯት «መጽወተ» የሚል ግስ አወጣ፤ አማርኛም «መጸወተ» አለ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳንቲም የሚዘረጋ ሰው፣ ቃሉ እንደሚለው፣ የታዘዘውን እየፈጸመ ነው።

«ሰደቃ» ከዐረብኛ በእስልምና በኩል የገባ ነው። ሥሩ ጸ-ደ-ቀ ሲሆን፣ ዐረብኛ እውነት መናገርን፣ ዕብራይስጥ «ጸዳቃ» ብሎ ጽድቅንና ምጽዋትን ይጠራበታል። ግእዝም ከዚሁ ሥር «ጸድቀ»፣ «ጽድቅ» እና «ጻድቅ» አሉት። የዐረብኛው ጠንካራ ድምፅ በአማርኛ አፍ «ሰ» ስለሆነ ዝምድናው ለጆሮ ተሰወረ እንጂ፣ ሰደቃ የሚያወጣው ሙስሊምና ለጽድቅ የሚሰጠው ክርስቲያን ጎረቤቱ የሚጠሩት አንድ ሥር ነው።

«ዘካ» በዐረብኛ መጥራትንና መፋፋትን ያመለክታል፤ ሀብት የሌላው ድርሻ ሲወጣለት ይጠራል ማለት ነው። የእስልምና ሕግ በዝናብ ከበቀለ እህል አንድ ዐሥረኛ፣ በመስኖ ከለማ ደግሞ አንድ ሃያኛ እንዲወጣ ያዝዛል። የክርስቲያኑ «ዐሥራት» ከ«ዐሥር» የወጣ ነው። ዝናብ ጠብቆ በሚያርስ ገበሬ አውድማ ላይ የሁለቱ ሃይማኖት ሚዛን እኩል ይመጣል።

«እርዳታ»ን ወሎ በመከራ ያውቀዋል። ከግእዙ «ረድአ» የመጣ ነው፤ ደቀ መዝሙርን «ረድእ»፣ ሲበዛም «አርድእት» የምንለው ከዚሁ ነው። በ1966 ዓ.ም. ከወሎ ረኃብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የሙዚቃ ድግስ ለኢትዮጵያ ረኃብተኞች ገንዘብ አሰባሰበ። ያ ልግስና ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ምስጋናም ይገባዋል። ቃሉ ግን ለብዙዎች ከውጭ የሚመጣ እህልን ያስታውሳል። በመነሻው ማገዝ ማለት ነበር።

በአካባቢ ገንዘብ ማሰባሰብን በትክክል የሚሰይመው «መዋጮ» ነው። ግእዙ «ወፅአ» በአማርኛ «ወጣ» ሆነ፤ ከእርሱም «አዋጣ»፣ ከዚያም «መዋጮ» ተወለደ። «ጠ» ወደ «ጨ» የተለወጠችው በ«ወጪ» ላይ እንደምናየው ነው። «አዋጣ» የመተባበር ግስ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን አያዋጣም፤ ሌሎች አብረውት ሊያወጡ ይገባል። በዚሁ መንፈስ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ወሎ ግን «ቅሬ» የሚለው ማኅበር ቀብርም ሆነ ችግር ሲመጣ በብዙ ቦታ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ያሰባስባል።

ተቀባዩንም የሚያከብር ቃል አለን። ለማኙን «የኔ ቢጤ» እንለዋለን፤ ቢጤ እኩያ ማለት ነው። ዛሬ እኔ ሰጪ፣ እርሱ ተቀባይ ብንሆንም ስሙ ራሱ እኩልነታችንን ይመሰክራል።

ስለዚህ በመካነ ሰላምም ሆነ በሌላ ከተማ ለታመመ ጎረቤት ወይም ለወላጅ አልባ ልጅ ገንዘብ የምታሰባስቡ ወገኖች፣ ጥሪያችሁን «መዋጮ» በሉት። ችግረኛውን በሕዝብ ፊት አታሳዩት፤ ቢጤያችሁ ነውና። «ወጪ»ና «መዋጮ» የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ ከየሰዉ እጅ የወጣው ብር በምን ላይ እንደዋለ በሰብሳቢው መዝገብ ተጽፎ በጉባኤ ይነበብ። መዝገቡን በግልጽ የሚያነብ ማኅበር በሚቀጥለው ጊዜም የሚያዋጣ አያጣም።