የሳይንስ መጽሔቶችን በአንድ ሚዛን መመዘን ይቻላል?

እ.አ.አ. በ2012 በጅቡቲ ከተማ፣ ቀድሞ በአካባቢው የማይታወቅ የወባ ትንኝ ዝርያ ተገኘ። ስሙ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሲሆን መነሻው እስያ ነው። ሰው ለመጠጥና ለማጠቢያ ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስለሚራባ ከተማ ይስማማዋል፤ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩባቸው፣ ውኃ በበርሜልና በሮቶ የሚቀመጥባቸው እንደ ካርቲየ 4 ያሉ ሰፈሮች ምቹ መኖሪያዎቹ ናቸው። በዚያው ዓመት በአገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ በላይ ደረሰ።

ግኝቱ በ2014 የታተመው "አክታ ትሮፒካ" በተባለ መጽሔት ላይ ነበር። ትንኙ በ2016 በኢትዮጵያ፣ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር መገኘቱን የገለጸው ጥናትም በ2018 የወጣው በዚሁ መጽሔት ነው። በ2022 በድሬዳዋ የተቀሰቀሰውን ወረርሽኝ ከትንኙ ጋር ያያያዘው ጥናት ግን በ2023 በ"ኔቸር ሜዲሲን" ታተመ። የአክታ ትሮፒካ "ኢምፓክት ፋክተር" ሁለቱ ጥናቶች በወጡባቸው ዓመታት በ2 እና በ3 መካከል ነበር፤ የኔቸር ሜዲሲን በ2023 ከ50 ይበልጥ ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ገምጋሚ የድሬዳዋውን ሥራ ከሁለቱ ቀዳሚዎች 20 እጥፍ ሊያስበልጠው ነው። ሆኖም ትንኙ መግባቱን አስቀድሞ ያሳወቀ ባይኖር ኖሮ፣ ወረርሽኙ ሲነሣ ማንን መጠርጠር እንደሚገባ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያሳተማቸው ጽሑፎች በያዝነው ዓመት በሌሎች ጥናቶች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጠራል፤ ድምሩም ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ሐሳቡን በ1955 ያነሣው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ሲሆን፣ ስሌቱ መጀመሪያ ያገለገለው በጥቅስ ማውጫው ውስጥ የትኞቹ መጽሔቶች እንደሚካተቱ ለመምረጥ ነበር። የተመራማሪ ማዕረግና ቅጥር መወሰኛ የሆነው ከጊዜ በኋላ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ዘርፎች ሲነጻጸሩ ነው። የሕክምና ተመራማሪ በአንድ ጽሑፍ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም የቅርብ ዓመታት የሆኑ ሥራዎችን ይጠቅሳል። የሒሳብ ሊቅ ግን ጥቂት ይጠቅሳል፤ የሚጠቅሰውም የ30 ዓመት ዕድሜ ያለው ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ከሁለት ዓመቱ ገደብ ውጪ በመሆኑ አይቆጠርም። በሒሳቡ ዓለም ከሁሉ በላይ ከሚከበሩት አንዱ የሆነው "አናልስ ኦቭ ማቲማቲክስ" 5 ገደማ ላይ ሲቀር፣ ታዋቂ የሕክምና መጽሔቶች ከ50 በላይ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ሒሳቡ አሥር እጥፍ ስላነሰ አይደለም። ብዙ የታሪክና የቋንቋ ጥናት መጽሔቶችማ እስከ 2023 ድረስ ቁጥሩ ጭራሽ አይሰጣቸውም ነበር።

ይህን ለማቃናት የተለያዩ ሚዛኖች ተሠርተዋል። በ2010 በኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲው ሄንክ ሙድ ያቀረቡት "ስኒፕ" የመጽሔቱን አማካይ ጥቅስ በዘርፉ የመጠቃቀስ ልማድ ያካፍላል፤ ብልሃቱም ዘርፉን አስቀድሞ ከተዘጋጀ ዝርዝር አለመውሰዱ ነው፤ መጽሔቱን የሚጠቅሱት ጽሑፎች ራሳቸው ዘርፉን ይወስናሉ። በ2021 ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ይፋ ያደረገው አመልካች ደግሞ እያንዳንዱን ጽሑፍ በዘርፍ፣ በዓይነትና በኅትመት ዓመት ከአቻዎቹ ጋር ያነጻጽራል። 1 ማለት የዓለም አማካይ፣ 2 ማለት የአማካዩ እጥፍ ነው። ሒሳብም ሕክምናም በየቤታቸው ይለካሉ ማለት ነው።

ይሁንና አዲሶቹ ሚዛኖች ሁለት ነገር አይፈቱም። ቀዳሚው፣ አማካይ ቁጥር በጥቂት እጅግ በተጠቀሱ ጽሑፎች የሚጎተት በመሆኑ ስለ አንዱ ጽሑፍ ብዙም አይናገርም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው መግለጫ ተቋማት ተመራማሪን በመጽሔቱ ቁጥር እንዳይመዝኑ የጠየቀው በዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ የሚቆጠረው ጥቅስ ብቻ ነው። አንድ የጤና መኮንን ጥናት አንብቦ በየቤቱ የውኃ በርሜል እንዲከደን ቢያደርግ የትኛውም ቀመር አይመዘግበውም። ማውጫዎቹ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ኅትመቶችን ስለሚይዙ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎቿ በሆኑት ጅቡቲ ወይም በአማርኛ የሚጻፍ ጥናት በሚዛኑ ላይ ለመቀመጥ እንኳ ይቸገራል።

በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥሩ መርሆቹ አንዱን ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምርን ለመጠበቅ ሰጥቷል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የመምህራን የማዕረግ ዕድገት ኅትመትን ይጠይቃል። በ1962 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትና በ1963 የጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ለኅትመት የሚመርጡት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከአገር ውጪ ጥቂት ጠቃሽ ብቻ ያለው ነው። በአንድ አገር ብቻ የሚታይ በሽታን ወይም የአንድን ገዳም ብራና ያጠና ሰው በዘርፉ አማካይ ቢለካም እንኳ፣ አቻ ተብለው የሚቀርቡለት በሌላ አህጉር ሌላ ጥያቄ የሚጠይቁ ናቸው።