«ደኅንነት» እና «አስተማማኝነት» በመቆጣጠሪያ መሣሪያ ታሪክ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በፋብሪካ መቆጣጠሪያ ውስጥ በመግባት ላይ ስለ ሆነ፣ የምንገለገልባቸውን ጥቂት ቃላት ከታሪካቸው ጋር እንመረምራለን።

«ቁጥጥር» «ቈጠረ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። የእንግሊዝኛው «ኮንትሮል»ም ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ሲወርድ ሒሳብ የሚመሳከርበትን መዝገብ ያመለክት ስለ ነበር፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ሄደዋል።

ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ ያዋለው ፍጥነት መጣኝ ግን የሚቈጥረው ነገር አልነበረውም። ሞተሩ ሲፈጥን ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች ወደ ውጭ እየተገፉ ይነሣሉ፤ ሲነሡም የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠብቡታል፤ ሞተሩም ይረጋል። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል መሣሪያውን በ1868 በሒሳብ መረመረው። ኖርበርት ዊነር በ1948 «ሳይበርኔቲክስ» የሚለውን ስም ያወጣው ግሪኮች መርከብ ለሚመራው ሰው ከሰጡት ስም ነው። የእኛ «መሪ» ለሰውም ለመኪና መሪም ስለሚነገር ለዚህ አሳብ ይበልጥ ይቀርብ ነበር፤ ነገር ግን ልማድ ለ«ተቆጣጣሪ» ፈርዷል።

ልማድ ሊፈርድበት የማይገባው «ደኅንነት»ንና «አስተማማኝነት»ን እያቀያየሩ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግስ፣ ሁለተኛው «አመነ» ከሚለው ይወለዳሉ። ቦይለርን የሚጠብቅ መሣሪያ ያለ ምክንያት በየሳምንቱ ሥራ ቢያስቆም አስተማማኝ አይደለም፤ በአጠገቡ የቆመውን ሠራተኛ ግን አይጎዳውም። ዐሥር ዓመት ሳያቋርጥ ሠርቶ ግፊቱ ከልክ ባለፈበት ዕለት የማያስቆመው ግን፣ አስተማማኝ ሲባል ኖሮ ሰው ይገድላል። መሐንዲሶች ሥራውን ከሚመራው መሣሪያ ሌላ ለማስቆም ብቻ የተሠራ መሣሪያ ለብቻው የሚተክሉት ስለዚህ ነው። በ2017 በሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ሰርጎ ገቦች የነኩት ይህንኑ ማስቆሚያ ነበር። ይህን በአማርኛ የሚተርክ ሰው «የደኅንነት ሥርዓቱ ደኅንነት ተደፈረ» ለማለት ይገደዳል! ለሁለተኛው «ጥበቃ» ቢባል እንመርጣለን።

«አስተውሎት»ም ያሳስበናል። አስተዋይ የምንለው የሚመጣውን አስቀድሞ የሚያይ፣ ያላወቀውንም «አላውቅም» የሚል ሰው ነው። ከቀድሞ ምሳሌዎች የተማረ ሶፍትዌር ግን አይቶት የማያውቀው ሁኔታ ሲገጥመው በዚያው ልበ ሙሉነት ሊመልስ ይችላል። ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ይነቀል አንልም፤ ኦፕሬተሩ ግን በስሙ እንዳይታለል እንሰጋለን።

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 61508 የተባለው ደረጃ፣ ሶፍትዌርን በሚመለከተው ክፍሉ፣ ብልሽትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማረምን ከአራቱ የደኅንነት እርከኖች ከሁለተኛው ጀምሮ «ኤን አር» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይነቅፈዋል። ትርጉሙን «አይመከርም» ብንለው ምክር የማይሰማ ግትር ሰው ያስመስለዋል፤ «የተከለከለ ነው» ብንልም ደረጃው ያላለውን መናገር ይሆናል። ስለዚህ «እንዳይሠራበት ይመከራል፤ የሠራበትም ምክንያቱን በዝርዝር ያስረዳ» ብለን ጽፈነዋል።