የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

ከሊቶኒያ ወደ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚጓዝ ሰው ሌኒየር ሐይቅ ይደርሳል። ሐይቁ በተፈጥሮ የነበረ አይደለም፤ የቻታሁቺ ወንዝ በ1950ዎቹ በቡፎርድ ግድብ ሲታገድ የተፈጠረ ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከጣና ጋር ቢነጻጸር ኩሬ ሊባል ይችላል። በላዩ የሚንሸራሸሩት ባለሸራ ጀልባዎች ግን የዘመኑን የመርከብ ጥበብ በአጭሩ ያሳያሉ። አካላቸው አብዛኛውን ጊዜ ፋይበርግላስ ነው፤ ከሥር ሚዛን የሚጠብቅ ከባድ የእርሳስ ወይም የብረት ክንፍ አላቸው፤ በሦስት ማዕዘን ሸራቸውም ነፋስን በሰያፍ እየቆረጡ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይጓዛሉ። እንዲህ ያለ ጀልባ ከጥንቱ በምን ይበልጣል፣ በምንስ ያንሳል? ለዚህ ጥያቄ የጣና ሐይቅ ካበረከተው የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ተጓዥ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር በተግባር ሊፈትን ተነሣ። በግብፅ ምድር ደንገል ጠፍቶ ስለነበር ፊቱን ወደ ጣና አዞረ። በዚያ የታጨደው 12 ቶን ያህል ደንገል ደርቆ ወደ ግብፅ ተጫነና በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ 15 ሜትር ርዝመት ያለው «ራ» የተባለ መርከብ ተሠራበት። ጣና ሣሩን ሰጠ፤ የሠሩት እጆች ግን የጣና አልነበሩም። ሄየርዳል የመረጠው ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ባለሙያዎችን ነበር።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። የወይጦዎች የእጅ ሥራ የሆነው ታንኳ ሸራ የለውም፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት ለማድረስ እንጂ ለውቅያኖስ አልታሰበም። ባለቤቱ ከጉዞ ሲመለስ ከውኃ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ ካረጀም በጥቂት ወራት ውስጥ በሌላ ይተካዋል። ይህን ድክመት ብሎ መጥራት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ደንገል ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው የቀየሰው የጥገና ሥርዓት ነው ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የቡዱማ ጀልባ ደግሞ የፊት ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል፤ የኋላው ግን ድፍን ነው። በግብፅ የመቃብር ሥዕሎች ላይ የሚታየው ወደ ውስጥ የተቆለመመ ረጅም ጭራ ለሠሪዎቹ እንግዳ ነበር፤ የተጨመረውም በሄየርዳል ጥያቄ ነው። መርከቡ በግንቦት ከሞሮኮው የሳፊ ወደብ ተነሣ። ገና በጉዞው መጀመሪያ መሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። ሳምንታት ሲያልፉም የኋላው ክፍል ወደ ውኃው መስመጥ ጀመረ። የችግሩ ምንጭ ዘግይቶ ተገለጠ፦ በጥንቶቹ ሥዕሎች ላይ ከጭራው ጫፍ ወደ መርከቡ ወለል የተወጠረ አንድ ገመድ ነበር። ገመዱ ጭራውን እንደ ደጋን ወጥሮ የኋላውን ክፍል ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ከማዕበሉ ጋር እንዲተጣጠፍም ይፈቅድለታል። «ራ» ያ ገመድ አልነበረውም። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ሲቃረቡ፣ ተሳፋሪዎቹ ትተውት ወጡ።

በዓመቱ «ራ ሁለት» ተሠራ። ደንገሉ አሁንም የጣና ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ነበሩ። የእነርሱ ጀልባ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ላይ የቀኑ ናቸው። ሁለት ወፍራም እስሮችን ከመካከለኛ ቀጭን እስር ጋር በጠመዝማዛ ገመድ አጥብቀው አንድ አካል አደረጓቸው። መርከቡ 12 ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነሥቶ 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል በ57 ቀናት አቋርጦ ባርባዶስ ደረሰ። ይህ ግብፃውያን አሜሪካ መድረሳቸውን አያረጋግጥም፤ የታሪክ ምሁራንም መላምቱን አልተቀበሉትም። ያረጋገጠው ነገር ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ውድቀት የደንገሉ አልነበረም።

የ«ራ ሁለት» ፍጥነት ሲሰላ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ይህም የእግረኛ ርምጃ ነው። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው የዘመኑ ባለሸራ ጀልባ ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል። አራት ማዕዘን ሸራ ከኋላ የሚገፋውን ነፋስ ብቻ ስለሚከተል «ራ» ነፋሱ ከሚሄድበት ሌላ የመሄጃ ምርጫ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በዚህ በኩል ውድድር የለም።

በሌላ በኩል ግን የፋይበርግላስ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃን ከውስጡ ስላገደ ነው። አካሉ ቢቀደድና ውኃ ቢሞላው ያ ሚዛን የሚጠብቀው ክብደት ራሱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ደንገል ግን የሚንሳፈፈው እያንዳንዱ አገዳ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው። በላዩ የፈሰሰው ማዕበል በእስሮቹ መካከል ሾልኮ ይወርዳል፤ የሚቀደድ አካልም ሆነ የሚቀዳ ውኃ የለም። ጠላቱ አደጋ ሳይሆን ጊዜ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን ዕውቀቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ ቅርጽ በፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ታትሟል፤ ገዢው የአካሉ ጥምዝ ለምን እንዲያ እንደሆነ ሳያውቅ ዕድሜውን ሙሉ ሊጓዝበት ይችላል። የደንገሉ መርከብ ዕውቀት ደግሞ በሠሪው ጣቶችና በገመዱ ውጥረት ውስጥ ነው። ሥዕሉ ለሺህ ዓመታት ሳይጠፋ ኖሯል፤ ገመዱ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ሠሪ ግን አልነበረም።

«ራ ሁለት» ዛሬ በኦስሎ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። በጣና ዳርቻ ደንገሉ በእርሻ መስፋፋትና በእምቦጭ አረም እየተገፋ፣ ታንኳውም ቦታውን ለሞተር ጀልባ እየለቀቀ ነው። ሐይቁ በባዕድ እጅ ተሠርቶ ውቅያኖስ ለተሻገረው መርከብ የሰጠው ደንገል በጥላ ሥር ተጠብቋል። ታንኳ ማሰር የሚችሉት የወይጦ አባቶች ግን ጥበቡን የሚያወርሱት ደንገሉ በቅርባቸው እስከበቀለ ድረስ ብቻ ነው።